«መቶ ሃያ አምስት» ስትባል 100205 የምትጽፍ ልጅ፦ ስለ ቦታ ዋጋ ጥያቄና መልስ

ጅማ ውስጥ ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ አስተምራለሁ። ከወረቀት ቆርጠን ስለምንሠራቸው የቁጥር መማሪያዎች ያላችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር፤ እነሆ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። መቶ ሃያ አምስት ጻፊ ስላት 100205 ትጽፋለች። ብነግራት ብነግራት አልገባት አለ።

መልስ፦ እህቴ፣ አትቆጪያት። የጻፈችው የሰማችውን ነው፦ መቶ፣ ሃያ፣ አምስት። በግዕዝ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ልክ ነበረች፤ ፻፳፭ ስንጽፍ እኮ መቶን፣ ሃያንና አምስትን በተርታ ማስቀመጣችን ነው። ግዕዝ ለሃያ የራሱ ምልክት ስላለው ዜሮ አያስፈልገውም። በትምህርት ቤቱ አጻጻፍ ግን 2 ሃያ የሚሆነው በአስር ቤት ስለቆመ ብቻ ነው፤ የቦታ ዋጋ የምንለው ይህንን ነው።

ይህን በቃል ከማስረዳት ካርድ ይሻላል። ከማኒላ ወረቀት ቁመታቸው እኩል የሆነ ሦስት ካርድ ቁረጪ። 5 የሚጻፍበት 3 ሳንቲ ሜትር ይስፋ፣ 20 የሚጻፍበት 6፣ 100 የሚጻፍበት 9። እያንዳንዱ አኃዝ 3 ሳንቲ ሜትር ይያዝ። መጀመሪያ 100ን አስቀምጪ፤ 20ን በቀኝ ጠርዝ አስተካክለሽ ደርቢበት፤ 5ን ከላይ። 125 ሆኖ ይነበባል። ከዚያ እሷ ራሷ አንድ በአንድ ታንሳቸው። አንዲት ተማሪዬ 5ን አንስታ ከሥሩ ያለውን ስታይ «ውይ፣ ዜሮው ለካ እዚህ ተደብቆ ነው!» ብላ የጎኗን ልጅ ጎተተች። ቀጥለሽ የሃያውን ካርድ አውጥተሽ አምስቱን መቶው ላይ ደርቢ፤ 105 ውስጥ ዜሮ ምን እንደሚሠራ ያኔ ይገባታል።

ጥያቄ፦ አንድን፣ አስርንና መቶን በቁራጭ የሚያሳየው የፕላስቲክ መማሪያ ውድ ነው። በወረቀት እንዴት ይሠራል?

መልስ፦ ሁለት ኤ4 ወረቀት ይበቃል። አንድን የምታሳየው ካሬ ቁራጭ፣ ፍሬ የምላት፣ ጎኗ 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በ1 ሳንቲ ሜትር ሞክሬው ነበር፤ ለትንሽ ጣት አይያዝም፣ መስኮት ሲከፈት ይበተናል። ከመጀመሪያው ወረቀት 20 በ20 የሆነ አንድ የመቶ ሰሌዳ ቁረጡ፤ ከተረፈው 20 በ2 የሆኑ አራት የአስር ዘንጎች ይወጣሉ። ሁለተኛውን ሙሉውን በፍሬ ብትቆርጡት ደግሞ በወርዱ 10፣ በቁመቱ 14፣ በድምሩ 140 ፍሬ ይሰጣችኋል። አንድ መቶና አራት አስር ማለት እኮ ይኸው 140 ነው! ይህን ለልጆቹ አትንገሯቸው፤ ደርድረው ያግኙት። ዘንጉና ሰሌዳው ላይ መስመር ማስመር አትርሱ፣ ልጁ ሲጠራጠር ይቁጠር። የኛ ክረምት ወረቀት ስለሚጠቀልል ቀድማችሁ ሳሙና ካርቶን ላይ ለጥፉትና ሲደርቅ ቁረጡ። ፖስታ ውስጥ ይቀመጣል።

ጥያቄ፦ በቡና ፍሬ ወይም በብር ማስተማር አይቀልም?

መልስ፦ ቡና ለመቁጠር ጥሩ ነው፣ ጅማ ላይም አይጠፋም። ብር ግን ኋላ ይምጣ። የ10 ብር ኖት ውስጥ አስር የአንድ ብር ሳንቲም ተደርድሮ አይታይም፤ ልጁ አስር መሆኑን የሚቀበለው እኛን አምኖ ነው። ዘንጉን ግን አስር ፍሬ ደርድሮበት ይለካዋል።

ጥያቄ፦ እኔም አስተማሪ ነኝ። 52 ሲቀነስ 27 ስላቸው ግማሹ ክፍል 35 ይላል። መበደርን እንዴት ታስረዳለህ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ «መበደር» የሚለውን ቃል ትቼዋለሁ። ብድር ይመለሳል፤ እዚህ የሚመለስ ነገር የለም፤ ልጆቹም ይህን ይጠይቃሉ። «መዘርዘር» እላለሁ። ሱቅ ተልኮ «አስር ብር ዘርዝሩልኝ» ያላለ ልጅ የለም። ከአራቱ ዘንግ ላይ አንድ ጨምረህ ቁረጥና አምስት ዘንግና ሁለት ፍሬ ስጣቸው፤ 27 አውጡ በላቸው። ሰባት ፍሬ ሲጠፋ አንዱን ዘንግ ወደ «ባንኩ»፣ ማለትም ትርፉን ፍሬ ወደያዘው ልጅ ወስደው በአስር ፍሬ ያዘረዝራሉ። አሁን አራት ዘንግና 12 ፍሬ አለ። ሰባቱ ሲወጣ አምስት፣ ሁለቱ ዘንግ ሲወጣ ሁለት፤ 25። ወሳኙ ነገር ከመቀነሳቸው በፊት ቆም ብለህ «ዘርዝረን ገንዘባችን ቀነሰ?» ብለህ መጠየቅ ነው። አልቀነሰም የሚለውን ራሳቸው ሲሉት ብቻ ቀጥል። ደብተር ላይ 5ን ሰርዞ 4 መጻፍ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ልጅ አለ።

መልስ፦ ለአራት ልጅ አንድ ፖስታ፤ አንዱ ባንከኛ ይሁን፣ በየተራ ይቀያየሩ። ይጮኻል፣ ግን ይሠራል።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ የምናወራው ኦሮምኛ ነው። ልጁ አይምታታበትም?

መልስ፦ ይጠቅመዋል እንጂ። ሸን ብሎ ሸንተማ፣ አፉር ብሎ አፉርተማ ሲል አምስቱና አራቱ ይሰሙታል፤ በአማርኛም አምስትና ሃምሳ፣ ዘጠኝና ዘጠና እንዲሁ ናቸው። በአማርኛው ሃያና በኦሮምኛው ዲግደማ ላይ ግን ሁለት የሚለው ድምፅ አይሰማም፤ እዚያ ላይ ሁለት ዘንግ በእጁ ይያዝ።

ጥያቄ፦ ትልቁ ልጄ 0.65 ከ0.7 ይበልጣል ብሎ ሙጭጭ አለ፤ 65 ከ7 ስለሚበልጥ።

መልስ፦ ያንኑ ፖስታ አውጪለት፤ የጎደለውን ሰሌዳና ዘንግ ቆርጠሽ ጨምሪበት። አሁን የመቶው ሰሌዳ አንድ ሙሉ ብር ይሁን፤ ዘንጉ 10 ሳንቲም፣ ፍሬዋ 1 ሳንቲም። 0.65 ስድስት ዘንግና አምስት ፍሬ፣ 0.7 ሰባት ዘንግ ነው። ሁለት ሰሌዳ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጪና ይደርድርባቸው። የቱ ላይ ብዙ ባዶ ቦታ እንደቀረ ጠይቂው፣ ከዚያ ዝም በይ።