ኦሲቲው ደብዛዛና የተቆራረጠ ምስል ሲሰጥ፣ ላምፑ ነው ወይስ ዓይኑ?

አዳማ አንድ የግል ዓይን ክሊኒክ የምትሠራ ኦፕቶሜትሪስት እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ ያገለገለ ኦሲቲ (የዓይንን የኋላ ግድግዳ፣ ሬቲናን፣ በብርሃን እየቃኘ የሚያነሳ ማሽን) ነው የገዛነው፣ ከሁለት ወር ወዲህ ሲግናሉ (የምስሉ ጥንካሬ ነጥብ) ከ10 ውስጥ 4 ወይ 5 ነው የሚለኝ፣ የደም ስሮቹም ቆረጥ ቆረጥ ብለው ይታያሉ፣ አንዱን ሰው ሶስት አራቴ አነሳለሁ። የመጣው ቴክኒሻን ላምፑ አልቋል ይቀየር አለ፣ ዋጋው ደግሞ አይቀመስም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ለላምፑ ብር እንዳትከፍዪ፣ ቢያንስ አሁን። የነገርሽኝ ሁለት የተለያየ ችግር ነው። መደብዘዙ የብርሃን ጉዳይ ነው፣ መቆራረጡ ግን የጊዜ ጉዳይ ነው። ላምፑ ሲደክም ምስሉ ይፈዛል እንጂ የደም ስር አይቆርጥም።

ከመቆራረጡ ልጀምር። ዓይን እኮ ቆሞ አያውቅም፣ ሰውየው ትኩር ብሎ እያየ ነው ብለሽ ስታስቢ እንኳን ራሱ ሳያውቀው በሰከንድ አንዴ ሁለቴ ዘለል ይላል። ማሽኑ ደግሞ የሚያነሳውን ካሬ ቦታ የሚሞላው እንደ ፎቶ በአንዴ ሳይሆን መስመር በመስመር እየጠረገ ነው፣ ስለዚህ መሃል ላይ ዓይኑ ከዘለለ ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ ፈቀቅ ብሎ ይነሳል፣ ስሩ የተቆረጠ የሚመስለው ለዛ ነው። አግድም ጥቁር ባንድ ካየሽ ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ነው።

አሁን ሂሳቡን ሥሪው። ማኑዋሉ ላይ በሰከንድ ስንት ኤ-ስካን (አንድ ነጥብ ላይ የሚወሰድ የጥልቀት ንባብ) እንደሚያነብ ተጽፏል፣ 27,000 ነው እንበል። 200 በ200 ካሬ ማለት 40,000 ኤ-ስካን ነው፣ 1.5 ሰከንድ ገደማ። 512 በ128 ከመረጥሽ 65,536 ይሆናል፣ ወደ 2.4 ሰከንድ፣ እዛ ውስጥ ሁለት ሶስት ዝላይ ሊገባብሽ ይችላል። ማኩላ (የሬቲናውን መሃል) ስታነሺ ሁለቱም ምርጫ ካለሽ፣ መቀመጥ ለሚቸግራቸው አዛውንትና ለልጆች አጭሩን ውሰጂ። ትራኪንግ ካለው አብሪው፣ ጊዜውን ያረዝመዋል ግን ዓይኑን ተከትሎ ይመለሳል። የድሮዎቹ በሰከንድ 400 ብቻ ነበር የሚያነቡት፣ ውስጡ ያለ መስታወት በሞተር እየተንቀሳቀሰ ጥልቀቱን ነጥብ በነጥብ ይፈልግ ነበር፣ 512 ኤ-ስካን ያላት አንዲት መስመር ብቻ 1.28 ሰከንድ ትፈጃለች። አሁን ያንቺ ማሽን መስታወቱን አቁሞ ሙሉውን ጥልቀት በአንዴ የሚያነበው የተመለሰውን ብርሃን በቀለም በትኖ በካሜራ ስለሚቀበለው ነው። አዳዲሶቹ በሰከንድ 100,000 እና ከዛ በላይ ደርሰዋል፣ ያቺው 200 በ200 በ0.4 ሰከንድ ታልቃለች።

ማሽኑን ማፍጠን አትችይም፣ ሰውየውን ግን ማዘጋጀት ትችያለሽ። እንባ ሲደርቅ ዓይን ይቆረቁራል፣ ይርገበገባል፣ ብርሃኑም ይበተናል። አዳማ ሙቀትና ንፋስ ነው፣ የክፍሉ ፋን ደግሞ ብዙ ጊዜ ታካሚው ፊት ላይ ነው የሚነፍሰው፣ እሱን መጀመሪያ አዙሪው። ከማንሳትሽ በፊት ሁለት ሶስቴ ጥርግ አድርጎ እንዲጨፍን አድርጊና ዓይኑን በገለጠ ቅጽበት ቁልፉን ተጫኚ፣ «አትጨፍን» ብለሽ አስር ሰከንድ አስጠብቀሽ አታንሺ። ደርቆ የመጣ ከሆነ አንድ ጠብታ ሰው ሠራሽ እንባ ጨምሪለት። ትእዛዙን ደግሞ ሰውየው በሚሰማው ቋንቋ ንገሪው። አማርኛ የማይሰሙ እናት በኦሮምኛ «አረንጓዴዋን ብቻ እዪ» ሲባሉ ስንት ነገር እንደሚስተካከል አይተሽ ትገረሚያለሽ፣ እኛም ሐዋሳ በሲዳምኛ የምትናገር ነርስ ስትገባ ድጋሚ የምናነሳው በጣም ቀንሷል።

መደብዘዙን በተመለከተ፣ አንድ ክሊኒክ ላይ እኔ ራሴ ላምፑ ነው ብዬ ፈርሜ ዕቃው ሊታዘዝ ሲል፣ ፎከሱ ከቀደመው ታካሚ -7 ላይ ቀርቶ አገኘሁት። እስካሁን ያንን አልረሳሁም። ስለዚህ በየታካሚው ፎከሱን ከመነጽሩ ቁጥር ጋር አገናኚ። ከዛ ሬቲናው ስክሪኑ ላይ የት እንደተቀመጠ እዪ፣ በነዚህ ማሽኖች ሲግናሉ የሚጠነክረው በመስኮቱ ላይኛው ክፍል ነው፣ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይደክማል፣ አብዛኛው ሰው ግን መሃል ላይ አስቀምጦ ያነሳል። በጣም ከፍ ካልሽም ጠርዙን አልፎ ተገልብጦ ይታጠፋል፣ በተለይ ቁጥራቸው ከፍ ያለ ማዮፒያ (ሩቅ ማየት የሚቸግራቸው) ላይ ተጠንቀቂ።

ቀጥሎ የፊቱ ሌንስ። የታካሚ አፍንጫ፣ የዓይን ቅባት፣ የአዳማ አቧራ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ አቧራውን አራግፊ፣ ሳታራግፊ ከጠረግሽው አሸዋው ይቧጥጠዋል። ከዛ በሌንስ ወረቀት ከመሃል ወደ ውጭ እያዞርሽ። ሶፍት አይነካውም፣ የጋውን ጫፍም አይነካውም።

አሁን ላምፑ ነው ወይስ ዓይኑ የሚለውን ለመለየት አንድ ቀላል ፈተና አለ። ሠራተኞች ውስጥ ጥርት ያለ ዓይን ያለው ወጣት መርጠሽ ቀኝ ዓይኑን አንሺው። 8 ወይ 9 ከሰጠ ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ 4 የሚሰጡሽ ታካሚዎች የሞራ ግርዶሽ፣ የትራኮማ ጠባሳ ያለበት ኮርኒያ፣ ወይ ጠባብ ብሌን ያላቸው ናቸው ማለት ነው። ብሌን ማስፋቱን ሐኪሙ ይወስን፣ አንግሉ (የዓይኑ ውሃ የሚወጣበት ጥግ) ጠባብ አለመሆኑ ሳይታይ የማስፊያ ጠብታ እንዳይገባ። ያ ወጣትም ሌንሱ ተጠርጎ፣ ፎከሱ ተስተካክሎ 4 ከሰጠ፣ ያኔ ማሽኑን እንጠርጥር። ላምፕ የምንለው ሱፐርሉሚነሰንት ዳዮድ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ ነው የሚደክመው፣ ጠረጴዛው ከተገፋ ወይ ከተዛወረ በኋላ በድንገት ከደበዘዘ ግን እኔ መጀመሪያ የማስበው የታጠፈ ፋይበር (ብርሃኑን የሚያመላልሰው ቀጭን የመስታወት ገመድ) ነው። ሽፋኑን ግን ራስሽ አትክፈቺው።

እስከዛው አንድ ነገር አደራ። ሲግናሉ ከ6 በታች ሆኖ የነርቭ ፋይበሩ ቀጭን ነው ካለሽ ሪፖርቱን ለሐኪሙ እንደ ግላኮማ አትስጪ፣ ደካማ ሲግናል ጤነኛውን ነርቭ ቀጭን አስመስሎ ያሳያል። በኦፕቲክ ዲስኩ (ነርቩ ከዓይን በሚወጣበት ቦታ) ዙሪያ ባለው የመለኪያ ክብ ውስጥ የደም ስር ከተቆረጠም ድገሚው፣ ሰው በዚህ ምክንያት ዕድሜ ልኩን ጠብታ ላይ ይገባል።

የዛን ወጣት ቀኝ ዓይን በየሰኞ ጠዋት አንሺና ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፊ። አራት ሰኞ ሲሞላሽ ቁጥሮቹንና የምስሉን ስክሪንሾት ላኪልኝ፣ ከዛ ስለ ላምፑ እንነጋገራለን።