«ቻርጀር ነው ያቃጠለው ብለሽ ጻፊ» ለተባልሽው ነርስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ አናዶኛል፣ የተናደድኩት ግን በአንቺ አይደለም። ሌላውም አንባቢ እንዲገባው ባጭሩ ልድገመው። አዲስ አበባ አንድ የግል ሆስፒታል ሁለት አመት ሰርተሻል፣ ማታ ተረኛ ሆነሽ ከሌሊቱ 8 ሰአት ላይ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተሩ (ከአየር ኦክስጅን የሚያወጣው ማሽን) የተሰካበት ዲቫይደር ጨሰ፣ ከዛ እሳት ያዘ፣ አጠፋሽው፣ ሪፖርት ጻፍሽ። ጠዋት ሜትሮኗ፣ የነርሶቹ አለቃ፣ ጠርታ «አስታማሚው የሰካው የስልክ ቻርጀር ነው ብለሽ ደግመሽ ጻፊ» አለችሽ። እናትሽ ደግሞ ሆድ ካገር ይሰፋል፣ የእንጀራ ገመድሽን በገዛ እጅሽ አትበጥሺ ይሉሻል። ሳውዲ ልሂድ ወይ፣ ሙያ ልቀይር ወይ፣ ደሞዙም አይበቃኝም ብለሻል።

ደሞዙ አይበቃም፣ ልክ ነሽ፣ ግን ውሸት ስለፈረምሽ ማንም አይጨምርልሽም። ሳውዲ ካማረሽ ለፕሮሜትሪኩ፣ እዛ ለመስራት ለሚወሰደው ፈተና፣ አጥኚ፣ እሱ ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ወረቀቱን ግን አትፈርሚ።

ማታ ያደረግሽው እኮ በስልጠና የሚባለው ነው፣ ታካሚውን መጀመሪያ አወጣሽ፣ ጮኸሽ ሰው ጠራሽ፣ በሩን ዘጋሽ፣ ከዛ ነው ወደ ማጥፊያው የሄድሽው፣ ውሃም አላፈሰስሽም። እሳት አደጋ 939 አልደወልሽም፣ እሱን ብቻ ለሚቀጥለው ያዢው፣ አጠፋሁት ብለሽ ብታስቢም ይደወላል። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፣ ሌላውን ነው የሚያነደው፣ አንሶላና ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ይቆይና ትንሽ ብልጭታ ሲያገኝ ጉድ ያፈላል። በ2013 ሚያዝያ ባግዳድ ኢብን አል ኻጢብ ሆስፒታል የኮቪድ ታካሚዎች የተኙበት ቦታ የኦክስጅን ሲሊንደር ፈንድቶ ከ80 በላይ ሰው አልቋል። ስለዚህ «ትንሽ ጭስ ናት» የሚሉሽን አትስሚያቸው።

አንቺው እንደጻፍሽው ክፍሉ ውስጥ የሚሰራው ሶኬት አንድ ነው፣ አንዷ ዲቫይደር ላይ ኮንሰንትሬተር፣ ሳክሽን (አክታ የሚስበው ማሽን) እና ሞኒተር ተንጠልጥለዋል። ቻርጀር ነው ካልሽ የሚሆነውን ልንገርሽ፣ ግድግዳው ላይ «ስልክ ቻርጅ ማድረግ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፣ ያ አባቱን ሊያስታምም ከገጠር የመጣ ልጅ ምናልባት ማሽኑን ክፈል ይባላል፣ ጎን ያለው ክፍል ውስጥ ያለችው ተመሳሳይ ዲቫይደር ግን እዛው ናት። ሪፖርት የሚጻፈው እኮ ጥፋተኛ ለመፈለግ አይደለም፣ ሁለተኛዋ ዲቫይደር እንድትነሳ ነው።

ይሄን ያህል የምጮኸው እኔ ስለፈረምኩ ነው። ክፍለ ሀገር ዋርድ ስሰራ የህክምና እቃ ስቴራይል የሚደረግበት (ከጀርም የሚጸዳበት) ክፍል ተቃጠለ፣ የኋላው በር ሌባ እንዳይገባ በሰንሰለት ታስሮ ነበር፣ ቁልፉ ጥበቃው ኪስ ውስጥ፣ ጥበቃው ደግሞ እራት ሊበላ ሄዷል። ሰው አልሞተም። «በሩ ክፍት ነበር» ብዬ ጻፍኩ፣ አለቃዬ ለምኖኝ። ከሁለት ወር በኋላ በዛው በር ሳልፍ ሰንሰለቱ እንዳለ ነው፣ እንደውም ቁልፉን በትልቅ ቀይረውታል! በኋላ ወደ ጥራት ክፍል፣ እንዲህ ያሉ ሪፖርቶችን ወደሚከታተለው፣ የገባሁት በዛች ሰንሰለት ምክንያት ነው፣ ስለዚህ ሙያ ልቀይር ወይ ስትይኝ ወደዛ ባደላ አትፍረጂብኝ፣ ነርስነቱን ሳትጥዪው የምትሰሪው ስራ ነው፣ ጥሩ ሪፖርት መጻፍ የሚችል ሰው ደግሞ እዛ ብርቅ ነው።

እናትሽን ላስቀይማቸው ነው። ዝም ማለት የእንጀራ ገመድ አይጠብቅም፣ በሚቀጥለው ሰው ከሞተ መጀመሪያ የሚወጣው አንቺ የፈረምሽው ወረቀት ነው፣ የሜትሮኗ ፊርማ እኮ የለበትም። የግል ሆስፒታል ስለሆነ የምትተዳደሪው በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው፣ አንቀጽ 26 ሰራተኛ በአሰሪው ላይ ቅሬታ ስላቀረበ ብቻ ማሰናበትን ህጋዊ ምክንያት አያደርገውም። ወረቀት ላይ ያለና መሬት ላይ ያለ ይለያያል፣ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ምንም ሳታነሺ ኤች አር ሄደሽ የስራ ልምድ ጠይቂ። ሰራተኛ በጠየቀ ጊዜ በነጻ መስጠት ግዴታቸው ነው፣ የግድ መልቀቅ የለብሽም። ለሳውዲም ቢሆን ዳታፍሎው፣ ማስረጃ የሚያጣራው ድርጅት፣ እሱንም ያጣራል።

ከዛ ሜትሮኗን በአክብሮት «የመጀመሪያውን አልቀይርም፣ የሚጨመር ካለ በሌላ ገጽ በዛሬ ቀን እጽፋለሁ» በያት። የራስሽን ኮፒ ያዢ፣ የታካሚው ስም ግን አይኑርበት። የምትጨምሪው ገጽ ላይ «በቸልተኝነት» ምናምን የሚል ቃል አታስገቢ፣ ያየሽውን፣ ሰአቱን፣ ያደረግሽውንና ለማን እንደነገርሽ ብቻ ጻፊ። ቻርጀር ካላየሽ ስለ ቻርጀር ምንም የምትጽፊው የለም።

ማታ ስትገቢ ደግሞ ጎን ያለውን ክፍል ዲቫይደር በእጅሽ ጀርባ ነካ አድርጊው። ከሞቀ ባዮሜዲካሉን፣ የህክምና ማሽን ጠጋኙን፣ ጥሪ፣ የጠራሽበትንም ሰአት መዝግቢ።