የፊቱ ገጽ ይከፍታል፣ የቀረው ሁሉ 404

ከፍኖተ ሰላም የጻፈችልኝ እህት ችግር ባጭሩ ይኸ ነው። ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የበቆሎና የማዳበሪያ መዝገብ በላራቬል (በፒኤችፒ ቋንቋ ድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ) ሠርታለች። ላፕቶፗ ላይ፣ በዊንዶውስና በዛምፕ (ሰርቨርን ላፕቶፕ ላይ ለሙከራ የሚያስነሳ ጥቅል)፣ ሁሉም ገጽ ይከፍታል። ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት) እና አፓቼ (ገጾችን ለብሮውዘር የሚያቀርብ የሰርቨር ፕሮግራም) ወዳለበት የማኅበሩ ኮምፒውተር ሲዛወር ግን የፊቱ ገጽ ብቻ ነው የሚመጣው። ሌላ ሊንክ ስትነካ ነጭ ገጽ ላይ «ኖት ፋውንድ» (404፣ አልተገኘም) ይላል፤ ከግርጌው የአፓቼ ስም አለ። አድራሻው ላይ «ኢንዴክስ ዶት ፒኤችፒ» ጨምራ ስትሞክር ይከፍታል። የዕዳ ዝርዝር የምታሳየው አንዲት ገጽ ግን እንዲያም ተደርጎ አትከፈትም። እሷ ላይ የሚመጣው 404 የላራቬሉ ግራጫ ገጽ ነው። ሰርቨሩ ላይ የጫነላት ሌላ ልጅ ነው። የዕዳውን ገጽ የጨመረችው እሱ ጨርሶ ከሄደ በኋላ ነው። የማኅበሩ ቅርንጫፎች በኢንተርኔት ይገቡበታል። የፎልደሩን ዝርዝርም ልካልኛለች።

በይ እንግዲህ እህት ዓለም። መልእክትሽን አንብቤ ሳልጨርስ ነው የጠረጠርኩት። ኮድሽ ጤነኛ ነው። ኮንትሮለሮቹን (ጥያቄ ተቀብለው ገጹን የሚያዘጋጁትን የኮድ ፋይሎች) አትነካኪ፣ ራውቶቹንም (የትኛው አድራሻ ወደ የትኛው ኮድ እንደሚሄድ የሚናገሩትን መስመሮች) ደጋግመሽ አትጻፊ። የተደራረቡብሽ ሁለት ችግሮች ናቸው፣ አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኝም። ትልቁ አፓቼ ደጃፍ ላይ ነው። ትንሹ ካሽ (ላራቬል ለፍጥነት ገልብጦ የሚያስቀምጠው ቅጂ) ውስጥ ነው።

ይህን የነገሩኝ ሁለቱ 404ዎች ናቸው። ሰው 404 ሲያይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይመስለዋል። አይደለም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የለም ያለኝ ማነው?» ነው። የአፓቼ ነጭ ገጽ ከመጣ ጥያቄሽ ላራቬል ዘንድ ጭራሽ አልደረሰም። ግራጫው ከመጣ ግን ደርሷል፣ አላውቀውም ያለው ላራቬል ራሱ ነው። ኢንዴክስ ዶት ፒኤችፒ ስትጨምሪ መከፈቱን ስትነግሪኝ ደግሞ ጥርጣሬዬ ጸና።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ። ይችን ነገር እኔ ዘንድ ለሚማሩ ልጆች ሁሉ ሳልነግር አላልፍም፤ አንዴ ከገባችሽ በላራቬልም በኮድኢግናይተርም በሲምፎኒም አትቸገሪም። አንድ ሰፊ የመንግሥት ግቢ አስቢ። በሩ ላይ ዘበኛ አለ። ዘበኛው የሚያውቀው የቆመ ቤት ብቻ ነው። ፎቶ፣ ሲኤስኤስ፣ ጃቫስክሪፕት፣ እነዚህ ዲስክ ላይ የተቀመጡ እውነተኛ ፋይሎች ናቸውና እንደ ቤት ይታዩታል፣ ስትጠይቂው «ያውልሽ» ይልሻል። አንቺ ግን «አባላት» ብለሽ መጣሽ። አባላት የሚባል ቤት ግቢው ውስጥ የለም። ፎልደርም የለም፣ ፋይልም የለም። ስም ብቻ ነው፣ ስሙም የተጻፈው መዝገብ ቤት ባለው ደብተር ላይ ነው። መዝገብ ቤቱ ኢንዴክስ ዶት ፒኤችፒ ነው። ደብተሩ ራውትስ ፎልደር ውስጥ ያለው ዌብ ዶት ፒኤችፒ ነው። ዘበኛው ደግሞ ደብተር አያነብም፣ ሥራውም አይደለም። ስለዚህ በሩ ላይ አንድ ትእዛዝ ሊለጠፍለት ይገባል፦ «የተጠየቀው ቤት ካለ አስገባ። ከሌለ ባለጉዳዩን አትመልስ፣ መዝገብ ቤት ላከው።» ዶት ኤችቲአክሰስ የሚባለው ፋይል ያ ወረቀት ነው። ከፍተሽ ብታይው መጨረሻው ላይ ሁለት «ሪራይት ኮንድ» የሚሉ መስመሮች አሉ፤ አንዱ ፎልደር ካልሆነ፣ ሌላው ፋይል ካልሆነ ይላል። ከሥራቸው ያለው «ሪራይት ሩል» ወደ ኢንዴክስ ዶት ፒኤችፒ ይልካል። ባለጉዳዩ መዞሩን እንኳ አያውቅም፣ ብሮውዘሩ ላይ አድራሻው አይቀየርምና።

አሁን ምልክቶችሽን በዚህ ዓይን እያቸው። የፊቱ ገጽ ለምን ከፈተ? ስም ሳትጠሪ ስትገቢ አፓቼ በልማዱ ኢንዴክስ የሚባል ፋይል ፈልጎ ስለሚሰጥሽ ነው። ኢንዴክስ ዶት ፒኤችፒ ስትጽፊስ? ዘበኛውን ሳትጠይቂ በቀጥታ መዝገብ ቤት ገባሽ። ስለዚህ መዝገብ ቤቱ ይሠራል፣ ደብተሩም ደህና ነው። የጎደለው ወረቀቱ ነው፣ ወይም ወረቀቱ አለ ግን ዘበኛው እንዲያነበው አልተፈቀደለትም፣ ወይም «ሪራይት» የተባለው የአፓቼ ሞጁል አልተከፈተም። ከነዚህ ከሦስቱ አይዘልም።

የላክሽውን ዝርዝር ሳይ ግን ደሜ ፈላ። ልጁ ፕሮጀክቱን ከነምናምኑ አምጥቶ አፓቼ ለዓለም በሚያሳየው «ኤችቲኤምኤል» ፎልደር ውስጥ ዘርግፎታል። ከዚያ ፐብሊክ (ለዓለም መታየት ያለበት ብቸኛው የላራቬል ፎልደር) ውስጥ ያለውን ሁሉ መርጦ ወደ ላይ አወጣው። የኡቡንቱ ፋይል ማሳያ በነጥብ የሚጀምር ፋይል ስለማያሳይ ዶት ኤችቲአክሰስ እዚያው ፐብሊክ ውስጥ ቀረ። እሱ ግን አልታየውም። ቀጥሎ ኢንዴክስ ዶት ፒኤችፒን ከፍቶ የፋይል መንገዶቹን በእጁ አስተካከለ። ሁሉንም ፋይል 777 አድርጎ ሄደ። ይህን ዓይነት ጥገና እዚህ ደብረ ማርቆስ ስንት ጊዜ ፈትቻለሁ! የመጣውን ስህተት ለማጥፋት እንጂ ምክንያቱን ለማግኘት የተሠራ አይደለም። 777 ማለት ኮምፒውተሩ ላይ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚና ፕሮግራም ፋይልሽን መቀየር ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ይኸውልሽ። ራውቲንጉን ትተሽ መጀመሪያ ይህን አድርጊ። ብሮውዘር ክፈቺና ከሳይትሽ አድራሻ ቀጥሎ ስላሽ፣ ነጥብ፣ «ኢንቭ» ብለሽ ግቢ። ዶት ኢንቭ የላራቬል የፓስወርድና የቅንብር ፋይል ነው። የዳታቤዝሽ ፓስወርድ በግልጽ ጽሑፍ ከመጣልሽ ማንም ሰው አንብቦት ሊሆን ይችላል። የአባላት ስም፣ የዕዳ መጠን፣ ሁሉም እጁ ሊገባ ይችላል። አፓቼ በራሱ የሚሸፍንልሽ በነጥብና በ«ኤችቲ» የሚጀምሩትን ፋይሎች ብቻ ነው፤ ዶት ኢንቭን አይሸፍንም። ዶት ኢንቭ ለዓለም በተከፈተ ፎልደር ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ታይቶ ከተገኘ የፎልደሩን አቀማመጥ ካስተካከልሽ በኋላ የዳታቤዙን ፓስወርድ ቀይሪው። የኢሜይል ፓስወርድም እዚያው ካለ እሱንም። «አፕ ኪ» የሚለውን ግን ዝም ብለሽ አትቀይሪ፤ በሱ የተቆለፈ ዳታ ካለሽ መልሰሽ ማንበብ ያቅትሻል። መጀመሪያ የተቆለፈ ነገር መኖሩን አጣሪ።

ወደ ሥራው። ትእዛዞቹን በእኛው ፊደል ጽፌልሻለሁ፣ ተርሚናሉ ላይ ስታስገቢ በላቲን ነው። መጀመሪያ ባክአፕ። ዳታቤዙን በ«ማይኤስኪውኤል ዳምፕ» አውጪው፣ ፎልደሩንም እንዳለ ቅጂው። መንገድ ዳር የተገዛ ርካሽ ፍላሽ ላይ ብቻ እንዳታስቀምጪ አደራ። ላዩ ላይ 64 ጊጋ ተብሎ ውስጡ ሩቡን የማይዝ ፍላሽ ብዙ አይቻለሁ፤ ፋይሉ የተቀዳ ይመስላል፣ ሲከፈት የለም። ላፕቶፕሽ ላይም አንድ ቅጂ ይኑር።

ከዚያ ፕሮጀክቱን ከኤችቲኤምኤል አውጥተሽ እዚያው «ቫር» ውስጥ ባለው «ዳብሊው ዳብሊው ዳብሊው» ሥር የራሱ ፎልደር ስጪው፤ ስሙን «ማህበር» በይው። በነጥብ የሚጀምሩት ፋይሎች አብረው መሄዳቸውን በ«ኤልኤስ» ላይ «ዳሽ ላ» ጨምረሽ እዪ፣ ኤችቲኤምኤል ውስጥም ምንም እንዳይቀር። ልጁ ወደ ላይ ያወጣቸውን የፐብሊክ ፋይሎች አጥፊና ያልተነካካውን ፐብሊክ ፎልደር ከላፕቶፕሽ አምጪው። ተጠቃሚዎች የጫኑት ፎቶ ካለ «ፒኤችፒ አርቲዛን ስቶሬጅ ሊንክ» ያስፈልግሻል።

ቀጥሎ የአፓቼ ኮንፊግ። «ሳይትስ አቬይለብል» ውስጥ ያለውን የሳይትሽን ፋይል ክፈቺ። «ዶኩመንት ሩት» የሚለው ፐብሊክ ላይ ማለቅ አለበት። ማህበር ላይ አይደለም፣ ማህበር ውስጥ ያለው ፐብሊክ ላይ። ይህን አንድ መስመር በትክክል ካስገባሽ ዶት ኢንቭ ከግቢው ውጭ ይሆናል፣ ለዚህ ነው የምጮኸው። ከሥሩ ለዚሁ ፐብሊክ «ዳይሬክተሪ» ብሎክ ጻፊና ውስጡ «አላው ኦቨርራይድ ኦል» በይ። አፓቼ 2.4 ላይ ይህ ካልተነገረው «ነን» (በእንግሊዝኛ «ምንም») ነው፣ ወረቀቱ ተለጥፎም አያነበውም። ዛምፕ ላይ ቀድሞውኑ ተፈቅዶ ስለሚመጣ ነው ላፕቶፕሽ ላይ ያልታየሽ። ኤችቲቲፒኤስ ካለሽ ለእሱ የሚሆን ሁለተኛ የኮንፊግ ፋይል ይኖራል፤ እሱንም እንደዚሁ አስተካክዪ። ብዙ ሰው አንዱን አስተካክሎ ሌላውን ይረሳና ቀኑን ሙሉ ይደክማል።

አሁን «ሱዶ ኤ ቱ ኤን ሞድ ሪራይት» ብለሽ የሪራይት ሞጁሉን ክፈቺ። ከዚያ «አፓቼ ቱ ሲቲኤል ኮንፊግ ቴስት» በይ፤ «ሲንታክስ ኦኬ» ካላለ ሪስታርት አታድርጊ፣ ሳይቱ ከነአካቴው ይወድቅብሻል። ካለ ሪስታርት አድርጊ።

አልሠራም? ወረቀቱ መነበቡን የምታውቂበት ቀላል መንገድ አለ። ዶት ኤችቲአክሰስ አናት ላይ ትርጉም የሌለው ቃል ጻፊና ገጹን ክፈቺ። 500 ካወጣ አፓቼ እያነበበው ነው። ምንም ካልተለወጠ እያነበበው አይደለም፣ ችግሩ ኮንፊጉ ላይ ነው። እኔ ሎግ ከመክፈቴ በፊት የማደርገው ይህን ነው። ቃሉን ማጥፋት እንዳትረሺ። (በአፓቼ ፈንታ ኤንጂንኤክስ የሚጠቀም ሌላ አንባቢ ካለ ይህ የዶት ኤችቲአክሰስ ነገር አይመለከተውም፤ ኤንጂንኤክስ ዶት ኤችቲአክሰስን አያነብም፣ «ትራይ ፋይልስ» የሚለውን መስመር ነው ማየት ያለበት።)

777ቱን መልሺው። ፎልደሮች 755፣ ፋይሎች 644። አፓቼ የሚጽፍባቸው ስቶሬጅና በቡትስትራፕ ውስጥ ያለው ካሽ ብቻ ግሩፓቸው «ዳብሊው ዳብሊው ዳብሊው ዳሽ ዳታ» ሆኖ 775 ይሁኑ።

የዕዳዋ ገጽ ቀላል ናት። ልጁ ከመሄዱ በፊት «ራውት ካሽ» የሚለውን ትእዛዝ ሳይሰጥ አልቀረም። ያን ጊዜ ላራቬል ደብተሩን ገልብጦ አስቀመጠና ከዚያ ወዲህ ግልባጩን ብቻ ነው የሚያየው። አንቺ የዕዳውን ገጽ ዋናው ደብተር ላይ ጻፍሽ፣ ግልባጩ ላይ ግን የለችም። «ፒኤችፒ አርቲዛን ራውት ክሊር» በይ። ከዚያ «ራውት ሊስት» ብለሽ ዝርዝሩ ውስጥ ፈልጊያት። ካለች ትከፈታለች። ከኖረችና አሁንም 404 ካለ ቅደም ተከተሉን እዪ፤ መታወቂያ ቁጥር የሚቀበል ራውት ከላይዋ ካለ «ዕዳ» የሚለውን ቃል እንደ ቁጥር ቆጥሮ ይወስደዋል። ቋሚ ስም ያለው ራውት ከላይ፣ ተለዋዋጩ ከታች።

ከዊንዶውስ ለመጣ ፕሮጀክት አንድ ነገር ልጨምር። ዊንዶውስ በፋይል ስም ላይ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም። ሊኑክስ ይለያል። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለ ነገሩ በቀላሉ አይታየንም። ግን ጎጃም ነሽና የቅኔ መምህራኑን አስቢ፦ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ «ሠረቀ» ወጣ፣ ፀሐይዋ ብቅ አለች ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ «ሰረቀ» ሌብነት ነው። ተራው ሰው አንድ አድርጎ ያነበዋል፣ መምህሩ ግን አያሳልፍም። ሊኑክስ እንደ መምህሩ ነው። የኮንትሮለሩ ስምና የፋይሉ ስም በአንድ ፊደል ከተለያዩ «ታርጌት ክላስ ... ዳዝ ኖት ኤግዚስት» ይልሻል፣ ላፕቶፕሽ ላይ እየሠራ።

እጅሽ አድራሻዎቹ ውስጥ ያስገባቸው ኢንዴክስ ዶት ፒኤችፒዎች ካሉም አውጪያቸው። ለራውቶቹ ስም ስጪና ሊንኮቹን በ«ራውት» ፈንክሽን ጥሪ፤ ነገ ፎልደሩ ቢቀየር ሊንኩ አይሰበርም። ዶት ኢንቭ ውስጥ «አፕ ዲበግ» (ስህተት ሲፈጠር የውስጡን ዝርዝር ለጎብኚው የሚያሳየው) ፎልስ ይሁን። ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) ከሌለው ደግሞ ለማኅበሩ ንገሪያቸው፤ መብራት በመጣ በሄደ ቁጥር ዳታቤዝ እየጻፈ የሚጠፋ ማሽን አንድ ቀን አይነሳም።

ሁሉን ጨርሰሽ ያንኑ ዶት ኢንቭ በብሮውዘር እንደገና ክፈቺው። አሁን የላራቬል ግራጫ 404 መምጣት አለበት። እሱን ካየሽ ዘበኛው ወረቀቱን አንብቦ ወደ መዝገብ ቤት ልኮሻል፣ መዝገብ ቤቱም እንዲህ ያለ ነገር የለም ብሏል፤ ሁለቱም ነገር ተስተካክሏል። የአፓቼ ነጭ ገጽ ከመጣ የኤረር ሎጉን የመጨረሻ 20 መስመሮች ላኪልኝ። ከመላክሽ በፊት ፓስወርድ ካለበት አጥፊው።