ግድግዳ ለተሰጣችሁ ወጣት ሰዓሊዎች

ልጆቼ፣ የአዲስ አበባን ታሪክ በአደባባይ ግድግዳ ላይ እንድትስሉ ስትታዘዙ የሚሰጣችሁን ዝርዝር ሳላየው ልነግራችሁ እችላለሁ። እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃ አጠገብ፣ ዐፄ ምኒልክ በፈረስ ላይ፣ የለገሀር ባቡር፣ የአፍሪካ አዳራሽ፣ በመጨረሻም ረጃጅም ሕንፃዎችና ከበላያቸው የምትወጣ ፀሐይ። ፀሐይዋን መጀመሪያ ማን እንዳመጣት እንጃ፤ እኔም በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ ስያታለሁ፣ ክፍያውም መጥፎ አልነበረም።

በዝርዝሩ ውስጥ ሐሰት የለም። የሚያሳስበኝ ሁሉም ተራውን ጠብቆ መቆሙ፣ ማንም ከማንም ጋር አለመጋጨቱ ነው። ይህች ከተማ እንዲህ ተስማምታ አታውቅም። የምመክራችሁም አንድ ነገር ነው፦ እርስ በርስ የማይስማሙ ነገሮችን ጎን ለጎን ለማቆም ድፈሩ፤ ለማስታረቅም አትቸኩሉ።

ፈተናው ከግድግዳው ግራ ጫፍ ይጀምራል። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከ1879 ዓ.ም. ነው፤ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ለሰፈሩ "አዲስ አበባ" ያሉበት ጊዜ። ፍል ውሃው ግን ያን ጊዜም ፊንፊኔ የሚባል ስም ነበረው፣ በዙሪያውም ከብት የሚያግዱና የሚያርሱ ኦሮሞዎች ይኖሩ ነበር። ጉለሌና የካ እያላችሁ በየቀኑ የምትጠሯቸው ስሞች የእነሱ ናቸው። እነዚህን ሰዎች ካልሳላችሁ ከተማዋ በባዶ ሜዳ ላይ የበቀለች ትመስላለች። ጣይቱን ካልሳላችሁም ሌላ ቀዳዳ ትፈጥራላችሁ። ሁለቱንም ሳሉ። ከሁለቱም ወገን የሚቆጣ ሰው እንደማይጠፋ ግን ከወዲሁ እወቁት።

ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ቀን በእግራችሁ ሂዱ። ከስድስት ኪሎ ጀምሩ። የየካቲት 12 ሐውልትን የማያውቅ የለም፤ ታክሲ ሳይጠብቅ፣ ቅርጹን ለማየት ብሎ አጠገቡ የቆመ ግን ጥቂት ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በ1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ ፋሺስቶች ሦስት ቀን ሙሉ ሕዝቡን ፈጁት፤ የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ብሎ አቅርቧል። በነሐስ የተቀረጸው ያ ፍጅት ነው። ቀራጮቹ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሚባሉ ዩጎዝላቮች ነበሩ። ባዕዳን ቢሆኑም ዋናውን ቦታ ለሚገደለውና ለሚያለቅሰው ሕዝብ ሰጥተውታል። ያሠራው ዘውድ ወደቀ፣ ከዚያም ሥርዓቶች ተፈራረቁ፤ እዚያ ሐውልት ግርጌ ግን ዛሬም በየዓመቱ አበባ ይቀመጣል።

ከዚያ በአራት ኪሎና በፒያሳ በኩል ወደ ቸርችል ጎዳና ውረዱ። ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ትግላችን ሐውልት ቆሟል፤ ወደ 50 ሜትር የሚደርስ ዓምድ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ። ዐይናችሁን ከኮከቡ አውርዱና በግራና በቀኝ ያሉትን ቅርጽ የተሠራባቸውን ግድግዳዎች ተመልከቱ። በሰሜን ኮሪያ እርዳታ ተሠርቶ አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ተመረቀ። ሙያውን የሚንቅ ካለ እኔ አይደለሁም። ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ግድግዳ ላይ ሳይጨናነቅ ማቆም ከባድ ስለሆነ የመሳያ ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ታሪኩ ግን እንደ ወንዝ ወደ አንድ ሰው ይፈስሳል፦ የአሮጌው ሥርዓት ግፍ፣ ቀጥሎ አብዮቱ፣ ቀጥሎም ሕዝቡን የሚመሩት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም። በምረቃው ወቅት በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረሃብ እያለቀ ነበር፤ በቀይ ሽብር የተገደሉት ወጣቶች እናቶችም በዚሁ ጎዳና ይመላለሱ ነበር። እነዚህ በግድግዳው ላይ ቦታ አላገኙም።

ይህን ብዬ ሐውልቱ ይፍረስ ከሚሉት ጋር ግን አልቆምም። በሶማሊያ ጦርነት የወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ወታደሮች የሚታሰቡት እዚያው ነው፤ የኩባውያኑም ፎቶግራፍ በቦታው አለ። ያሠራውን መንግሥት የሚጠላ ሰው ልጁን በኦጋዴን የቀበረ አባት ሊሆን ይችላል። ስለ ደርግ ዘመን ስትስሉ ይህን አባት አስቡት።

መንገዱ ላይ የወረዱትን ደግሞ አትርሱ። በአራዳ ጊዮርጊስ ፊት ያለው የምኒልክ ሐውልት በጣሊያን ዘመን ወርዶ ከድል በኋላ ተመለሰ። ሌኒን በ1983 ዓ.ም. ወረደ፣ አልተመለሰም። አቡነ ጴጥሮስም በ2005 ዓ.ም. ለከተማው ባቡር ሲባል ተነሥተው ከዓመታት በኋላ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል።

በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥራ ማየት ከቻላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። 150 ካሬ ሜትር ነው፣ ሦስት ክፍል፦ የአፍሪካ መከራ፣ ትግሏ፣ የወደፊት ተስፋዋ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው በዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። አፈወርቅ ተስፋውን ለማጉላት ሲል መከራውን አልደበቀውም፤ መሪዎቹ ለታላቅ ደስታ ተሰብስበው እንኳ ያ ሐዘን አብሯቸው ነበር። ልዩነቱ፣ መስታወቱ ያለው ተፈትሾ በሚገባበት ግቢ ውስጥ ነው፤ የእናንተ ግድግዳ የሚቆመው ታክሲ በሚጠብቅ ሰው ፊት ነው።

ያ ሰው ራሱን ይፈልጋል። ባሕር ዛፍ ባይመጣ ኖሮ ከተማዋ በማገዶ እጥረት ትለቀቅ ነበር፤ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ጀምረው ነበር። ስለዚህ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች የዋናው ታሪክ ክፍል ናቸው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎችም እንዲሁ። የመርካቶ ነጋዴዎችም፤ ጣሊያን የአራዳን ገበያ ከነጩ ሰፈር ለማራቅ ወደዚያ ባይገፋው ኖሮ መርካቶ ዛሬ ባለበት አይሆንም ነበር። በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባዎቹ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችም የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያቸውን ይዘው አንድ ጥግ ቢይዙ ደስ ይለኛል። ያዘዛችሁ አካል እነዚህን በዝርዝሩ ላይ ካልጻፈ ራሳችሁ አስገቧቸው፤ ብዙ ጊዜ ቆጥሮ የሚያጣራ የለም።

ንድፉን ስትጨርሱ ለባለሥልጣኑ ከማሳየታችሁ በፊት ለሰፈሩ አረጋውያን አሳዩ። ከዕድራቸው ድንኳን ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር አጠገብ፣ ከመስጊድም ሲወጡ ታገኟቸዋላችሁ። አንዱ "ይህ ቤት እዚህ አልነበረም" ይላችኋል፣ ሌላው ይከራከረዋል። ክርክሩን አታቋርጡ፣ ጻፉት። ሰፈሮች በሚፈርሱበትና ነዋሪው ወደ ዳር በሚሄድበት በዚህ ጊዜ ነገ ልትጠይቋቸው የምትፈልጓቸውን ሰዎች ላታገኟቸው ትችላላችሁ።

ስለ ቀለሙ በአጭሩ። በክረምት አትጀምሩ፤ ኅዳር ጥሩ ነው። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ አንድ ወር ይድረቅ፣ አለዚያ እርጥበቱ ሲወጣ ነጭ ዱቄት ይተፋና ቀለማችሁን ይልጠዋል። የግድግዳው አናት ውሃ የሚመልስ ክዳን ከሌለው መጀመሪያ እሱን አሠሩ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ ርካሽ ቀይ ቀለም አትቀቡ፤ ቶሎ ይገረጣል።

ውሉን በጥሞና አንብቡ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራው አመንጪ መሆናችሁ እንዲታወቅላችሁ የመጠየቅ፣ ክብራችሁን በሚነካ መንገድ ሥራችሁ ሲለወጥም የመቃወም መብት ይሰጣችኋል። ግድግዳው ግን የሌላ ሰው ንብረት ነው። ስለዚህ ሊቀባ ወይም ሊፈርስ ሲል አስቀድሞ እንዲነገራችሁና ፎቶግራፍ እንድታነሡ የሚፈቅድ አንቀጽ አስገቡ። በኋላ "ይህን ሰውዬ አጥፉት" ቢሏችሁ ጥያቄው በጽሑፍ ይምጣ በሉ፤ አብዛኛው ጥያቄ እዚያው ይቀራል። ቅድመ ክፍያ ሳትቀበሉ ደግሞ አንድ ጣሳ ቀለም እንኳ አትግዙ።