ቁስሉ ከጠፋ በኋላ፦ ስለ ቂጥኝ ጥያቄና መልስ

በምሥራቅ ጎጃም ጤና ጣቢያዎች ለብዙ ዓመታት በነርስነት አገልግያለሁ። ስለ ቂጥኝ ለላካችሁልኝ ጥያቄዎች ስማችሁን ሳልጠቅስ፣ አካባቢያችሁን ብቻ ጠቅሼ እመልሳለሁ። «ቂጥኛም» የሚለው ቃል በአገራችን ስድብ ሆኖ በመኖሩ ብዙ ሰው ሕመሙን ደብቆ ተጎድቷልና፣ እዚህ ማንም እንዳያፍር እለምናለሁ።

ከቢቸና፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርጄ ሳለሁ ብልቴ ላይ አንዲት ቁስል ወጣችብኝ። ስላላመመችኝ ተውኋት፤ በወር ገደማ በራሷ ዳነች። አሁን ግን በመዳፌና በውስጥ እግሬ የማያሳክክ ሽፍታ ታየ። ይገናኛሉ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ሊገናኙ ይችላሉ፤ ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይመርመሩ። ቂጥኝ ትሬፖኔማ ፓሊደም ከሚባል፣ እንደ ጠመዝማዛ ሽቦ ከተጠመዘዘ ቀጭን ባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው፤ ባክቴሪያውን በ1905 እ.ኤ.አ. ያገኙት ሻውዲንና ሆፍማን የተባሉ ጀርመናውያን ናቸው። ከግንኙነት በኋላ ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፣ ባክቴሪያው በገባበት ቦታ ጠርዟ ጠንከር ያለ፣ የማታሳምም ቁስል ትወጣለች። ይህች ቁስል ታከሟትም አላከሟትም ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ትሽራለች፤ ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው፤ ቁስሉ ሲደርቅ በሽታው የለቀቀ ይመስላል፣ ባክቴሪያው ግን በዚያ ጊዜ በደም አማካይነት መላ አካልን አዳርሷል። ከሳምንታት ወይም ከጥቂት ወራት በኋላ እርስዎ እንደሚሉት ያለ ሽፍታ፣ ትኩሳት፣ የንፍፊት እብጠትና የጠጉር መመለጥ ሊመጣ ይችላል። ያም ቢሆን በራሱ ይጠፋና በደም ምርመራ ካልሆነ በቀር የማይታወቅ፣ ዓመታት የሚቆይ ዝምታ ይከተላል። ካልታከሙት ሰዎች በከፊሎቹ ላይ ከ10 እስከ 30 ዓመት ቆይቶ ልብንና ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቧንቧ ያበላሻል፤ አንጎልን፣ ዓይንንና ጆሮን ግን በየትኛውም ደረጃ ሊያጠቃ ይችላል።

ሕክምናው ቀላል ነው። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛታይን ፔኒሲሊን አንድ ጊዜ በጡንቻ ይወጋል፤ መቼ እንደ ያዘ ካልታወቀ ግን በየሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ይሰጣል። ከመድኃኒት ቤት በግምት የሚገዛ የአምፒሲሊን እንክብል ይህን አይተካም። ቁስሉ ለኤችአይቪም መግቢያ ስለሚሆን አብረው ይመርመሩ፤ ሽፍታው ከመታየቱ በፊት ባሉት 6 ወራት አብረዋት የተኙ ሴት ሁሉ እንድትታከም ይንገሩ፣ የሚስትዎን ደግሞ ነገ አይበሉ።

ከደጀን፦ በጨረቃ ወይም በጋለ ድንጋይ ላይ በመሽናት ይይዛል የሚባለው እውነት ነውን? ሽንት ቤት መጋራትስ?

መልስ፦ እውነት አይደለም። በግንኙነት፣ በአፍ የሚደረገውን ጨምሮ፣ ቁስሉን በቀጥታ በመንካትና ከእናት ወደ ፅንስ ይተላለፋል፤ ማዕድ በመቁረስም ሆነ ልብስ በመዋዋስ አይተላለፍም። ኮንዶም አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ ያልሸፈነው ቦታ ላይ ያለ ቁስል ሊያስተላልፍ ይችላል።

ከፍኖተ ሰላም፦ ባለቤቴ ሦስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በእርግዝና ክትትል ስንመረመር እሷ ቂጥኝ አለባት ተባለ፣ እኔ ነጻ ሆንሁ። ሽማግሌ ሊቀመጥ ነው። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሽማግሌው ይቆይ፣ መርፌው ይቅደም። የምርመራው ወረቀት ማን ከማን እንደ ተያዘ አይናገርም። ባለቤትዎ ከእርስዎ በፊት ትዳር ከነበራት፣ በአካባቢያችን በልጅነት ተድረው የተፋቱ ብዙ እንደ መሆናቸው፣ በሽታው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ተደብቆ የኖረ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ ታክማ የዳነችም ብትሆን በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ አዎንታዊ ሆኖ ይቀራል፤ ኤርፒአር (RPR) የሚባለው ሌላው የደም ምርመራ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ በእርግዝናም ሆነ በሌላ ሕመም ምክንያት በስህተት አዎንታዊ ይሆናል። የእርስዎ ነጻ መባልም ቢሆን በቅርቡ ተይዘው ከሆነ ገና ያልታየ ሊሆን ስለሚችል የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። በአንዲት ወረቀት የፈረሰ ትዳር አይቻለሁና በዚህ ጉዳይ ልቤ ይሰጋል።

ፅንሱ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። እናቲቱ ካልታከመች ከግማሽ በላይ በሆኑት እርግዝናዎች ውርጃ፣ በሆድ መሞት፣ ያለ ወር መወለድ ወይም ከበሽታው ጋር መወለድ ይደርሳል። በእርግዝና ጊዜ የሚታመነው ፔኒሲሊን ብቻ ስለሆነ በሌላ መድኃኒት መለወጥ አይገባም፤ የሚቆጣት ከሆነም ሆስፒታል ገብታ ሰውነቷን እያለማመዱ ይሰጧታል። ከመውለዷ ቢያንስ 30 ቀን በፊት መታከም አለባት፤ በሦስተኛ ወር ላይ መታወቁ ትልቅ ዕድል ነው። እርስዎም አብረዋት ይሂዱ።

ከሞጣ፦ መርፌውን በተወጋሁ ማታ ብርድ ብርድ ብሎኝ ተንቀጠቀጥሁ። መድኃኒቱ ጠልቶኝ ይሆን?

መልስ፦ ባክቴሪያው በብዛት ሲሞት የሚቀሰቀስ ምላሽ ሳይሆን አይቀርም፤ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይበርዳል። በቅማል የሚተላለፈውን ግርሻ ትኩሳት በፔኒሲሊን የታከመ ሰው ያውቀዋል፤ የሁለቱ ተሕዋስያን ቅርጽ ተመሳሳይ ነው። ፊት ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም መላ ሰውነትን የሚያሳክክ ነገር ከመጣ ግን ያ የመድኃኒት ቁጣ ነውና ወዲያው ጤና ጣቢያ ይድረሱ።

ከዳንግላ፦ እናቴ ጠበል እንጂ መርፌ አልፈልግም ትላለች።

መልስ፦ እኔም ጠበል የምጠጣ ሴት ነኝ። ለእናትዎ በአክብሮት እንዲህ ይበሏቸው፦ ጠበሉን ጠጥተው መርፌውን መወጋት ይችላሉ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ከእንጅባራ፦ ከሁለት ዓመት በፊት ታክሜያለሁ፤ ለውጭ ጉዞ ስመረመር ግን አሁንም «አለብሽ» አሉኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ በፈጣን ምርመራ ከሆነ የሚታየው ሰውነትሽ የሠራው የመከላከያ ምልክት ነው፤ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ኤርፒአር በቁጥር እንዲሠራልሽ ጠይቂ። ቁጥሩ ከሕክምናው በፊት ከነበረው ቢያንስ በአራት እጥፍ ወርዶ ከሆነ፣ ለምሳሌ 1፡32 የነበረው 1፡8 ቢሆን (32 ለአራት ሲካፈል 8 ነውና)፣ ሕክምናው ሠርቷል ማለት ነው። ቁጥሩ መልሶ ከወጣ ግን እንደ ገና መያዝ ስለሚቻል እንደ አዲስ ትታከሚያለሽ። የቀድሞውን ውጤት የያዘውን ካርድ ይዘሽ ሂጂ።