ግሱ መንገድ ላይ ሲቀር

አራት ኪሎ የምትማሪው እህቴ፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። «ፈተናውንም ሪፖርቱንም በእንግሊዝኛ እሠራለሁ፤ ኢንተርቪው ላይ ግን አፌ ይተሳሰርብኛል። የሰዋስው ኮርስ ልመዝገብ?» ብለሻል።

አትመዝገቢ። ብርሽን ያዢ።

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምረሻል። የጎደለሽ ሰዋስው ሳይሆን የመናገር ሰዓት ነው። ክፍል ውስጥ መምህሩ ያወራል፣ አንቺ ትጽፊያለሽ። ስትወጪ ወሬው ሁሉ በአማርኛ ነው። ምላስሽ መቼ ይልመድ?

ሌላም አለ። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ «ሪፖርቱን ከሁለት ልጆች ጋር ጻፍኩት»። እንግሊዝኛ ግን ግሱን ከባለቤቱ ቀጥሎ ይፈልጋል። በአማርኛ አስበሽ ስትተረጉሚ «አይ…» (I፣ «እኔ») ብለሽ ትቆሚያለሽ፤ ግሱ ገና መንገድ ላይ ነው። እኔም የመጀመሪያ ኢንተርቪዬን «አይ… አይ…» እያልኩ ላብ በላብ ሆኜ ነው የወጣሁት።

መልመጃው 4/3/2 ይባላል። የቋንቋ ትምህርት ምሁሩ ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ1989 ጽፈውበታል። የምታውቂውን ርእስ ያዢ፤ የመመረቂያ ፕሮጀክትሽ ይሁን። ለአንዷ ጓደኛሽ 4 ደቂቃ ተናገሪ። ያንኑ ለሌላዋ በ3፣ ለሦስተኛዋ በ2 ደቂቃ። ሰዓቱን በስልክሽ ያዢ። አድማጯ አታርምም፣ አታቋርጥም። አድማጯ የምትቀየረው ለምን መሰለሽ? ለአንድ ሰው ሦስቴ ስትነግሪ እንዳትሰለች ብለሽ አዲስ ነገር ፍለጋ ትገቢያለሽ። ለአዲስ ሰው ግን ያው ወሬ ይበቃል። ሐሳቡ ተይዟል፤ አእምሮሽ አነጋገሩ ላይ ብቻ ይሠራል። የሚያጥረው ሰዓት ደግሞ ለማመንታት ፋታ አይሰጥሽም። ወረቀት ግን እንዳትይዢ። የተሸመደደ መልስ ጠያቂው አንዴ ጣልቃ ሲገባ ይበተናል።

ስህተትሽም ሦስቴ ይደገማል፤ እውነት ነው። ስትጨርሺ አንዱን ብቻ አርሚ።

ቃል ቢጠፋሽስ? በአማርኛ «ያ እንትኑ» ብለሽ ታልፊ የለ? የላብራቶሪዋ ፈሳሽ መለኪያ፣ የፒፔት፣ ስም ከጠፋሽ «ዘ ግላስ ቲዩብ» በይና ቀጥዪ። ጠያቂው ይገባዋል።

«ፈረንጅ ሆነች» ብለው የሚስቁብሽ አይጠፉም። እንደ አንቺ ኢንተርቪው የሚጠብቃቸውን ሦስት ልጆች ፈልጊ፤ እነሱ አይስቁም። አንድ ሰው ለመጨረስ የሚፈጅበት 9 ደቂቃ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በእግር ስትወጡ አንዳችሁ ትጨርሳላችሁ።

ዛሬ ማታ ጀምሪ። የመጀመሪያው 4 ደቂቃ ይረዝምብሻል፤ ገና ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ወሬ ያልቅብሻል። ያኔ ዝም አትበዪ፤ ስለ ካፌው ሽሮም ቢሆን አውሪ።