ሜባ፣ ሜ/ባ ወይስ ኤምቢ?

አንድ አንባቢ «ሜጋባይትን ሳሳጥር ሜባ ልበል፣ ሜ.ባ. ወይስ ሜ/ባ? ሜጋቢት ሲመጣስ?» ብለው ጠይቀውኛል። እሰይ! ይቺን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

እዝባሩን ይተዉት። ት/ቤትና ወ/ሮ ላይ ለምደነዋል፣ ይሁን። የኢንተርኔት ፍጥነት ላይ ግን እዝባር «በ» ማለት ነው። «ሜጋቢት በሰከንድ» ለማለት ሜ/ቢ/ሰ ብሎ የጻፈ ሰው የቱ እዝባር ማሳጠሪያ፣ የቱ «በሰከንድ» እንደሆነ ለራሱም አይገባውም። ሜቢ/ሰ ይበቃል። ነጥብ ካማረዎት ያድርጉ፣ በነጥብ አልጣላም።

«ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ቢትና ባይትን ስለማይለይ በላቲን ይጻፍ» የሚሉ አሉ። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው! ትልቅ ቢ ባይት፣ ትንሽ ቢ ቢት እያለ የሚምታታው ፈረንጁ ነው። እኛ ሣልስና ራብዕ አለን፤ ቢ ቢት፣ ባ ባይት፣ አለቀ። ባይት 8 ቢት ስለሆነ 40 ሜቢ/ሰ የተባለ መስመር በሰከንድ ቢበዛ 5 ሜባ ያወርዳል። ባይት የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1956 የፈጠረው የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ባልደረባ ቨርነር ቡክሆልዝ ራሱ «ንክሻ» ማለት ከሆነው የእንግሊዝኛ ቃል (bite) ላይ አንድ ፊደል ሆን ብሎ የቀየረው ከቢት ጋር እንዳይምታታ ነው።

ኪሎ በግሪክ ሺህ ነው፤ የኮምፒውተር ሰዎች ግን 1,024 አደረጉት። ይኼ አይግረምዎት። እልፍም በዕብራይስጥና በዓረብኛ ዘመዶቹ ዘንድ ሺህ ሆኖ ሳለ ግዕዝ ላይ አሥር ሺህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ለ1,024 «ኪቢ» የሚል ቅጥያ ወጣለት፤ ታዲያ በኔው ሥርዓት ኪቢ ኪሎቢት አይደል? እዚህ ላይ ተይዣለሁ። እሱን ሳያሳጥሩ ይጻፉት።

የሚያበሳጨኝ ኤምቢና ጂቢ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው «ቢ» የእንግሊዝኛ ፊደል ስም ሆኖ ባይትን ይወክላል፤ የሣልስና የራብዕ ድካሜን ሁሉ ገደል ይከተዋል። ጂቢማ ጅብ ጅብ ይለኛል። ግን ምን ላድርግ፣ «ኤምቢ አለቀብኝ» የማይል ሰው የት አለ? በወሬ ላይ ተሸንፌያለሁ። በጽሑፍ ግን ሜባና ጊባ እላለሁ። ባለፈው ለእህቴ ልጅ ጥቅል ገዝቼ «2 ጊባ ልኬልሻለሁ» ብዬ ብጽፍላት፣ «ጋሼ፣ ማን ነው የሚገባው?» ብላ መለሰችልኝ።